የገባን ሲመስለን

ፈተና ላይ ነኝ። ጥያቄ ቁጥር 4። አነበብኩት። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ገጹ ራሱ ትዝ ይለኛል። በግራ በኩል፣ ከሥዕሉ ዝቅ ብሎ፣ በቢጫ ሃይላይተር የተቀባ አንቀጽ ነው። ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጽሑፉ ግን የለም። ያን አንቀጽ በሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ስወጣ ለጓደኞቼ “አጥንቼው ነበር እኮ፣ ጠፋብኝ” አልኳቸው። ኮሌጅ የገባ ሰው ይህን ንግግር ወይ ተናግሮታል ወይ ሰምቶታል። ቆይቶ እንደገባኝ ከሆነ ግን ምንም አልጠፋብኝም። መጀመሪያም አልያዝኩትም ነበር።

ኮሌጅ ውስጥ ውጤታማ ስለመሆን የሚሰጡን ምክሮች አብዛኞቹ ስለ ጥረት ናቸው። በርታ፣ ጠንክር፣ ስልክህን አርቅ፣ በጊዜ ተነሳ። ጥሩ ናቸው። ግን ዶርም ውስጥ ቸካይ የሚባለው ልጅ ሲ ይዞ ሲመጣ ያየ ሰው ነገሩ በጥረት ብቻ እንደማያልቅ ያውቃል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የሚያጠናበት መንገድ እያታለለው ነው። ጥናት እንደ ውሃ ሲወርድልን የገባን ይመስለናል። ሲያታግለን ደግሞ ያልገባን ይመስለናል። በዚህ ስሜት እየተመራን የሚቀለውን መንገድ እንመርጣለን፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት የማይቆየው ነው።

መልክ ማወቅና ስም ማወቅ

አንድን ገጽ ሁለተኛ ስናነበው ዓይናችን ይፈጥናል። ሦስተኛ ላይ ጭራሽ ይንሸራተታል። ይህን ፍጥነት አእምሯችን “ይቺን ጨርሻታለሁ” ብሎ ይቆጥረዋል። ግን ይህ መልክ ማወቅ ነው። በየቀኑ መንገድ ላይ የምናየውን ሰው መልኩን እናውቀዋለን። ስሙ ማን ነው ቢሉን ዝም ነው። ፈተና የሚጠይቀን ስሙን ነው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይተውታል። ለኮሌጅ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን በአራት ዙር ሲያነብ ብቻ ቆየ። ሌላው ቡድን አንድ ዙር አነበበ። በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ እየጻፈ አሳለፈ። አንባቢዎቹ በየዙሩ እየደጋገሙ ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ገደማ አንብበውታል። ሌሎቹ ግን 4 ጊዜም አልሞላላቸውም።

ከ5 ደቂቃ በኋላ ተፈተኑ። አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ 40 በመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 61 በመቶ አስታወሱ።

እኔን ከውጤቱ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ቀድመው እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት አንባቢዎቹ ናቸው። የበለጠ የሚረሱት ሰዎች፣ የበለጠ እናስታውሳለን ያሉት ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡና ያነበባችሁትን ከራሳችሁ አውጥታችሁ ጻፉ። ያማረ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ያሳፍራል። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ያነበብኩት ምዕራፍ ወረቀት ላይ ስድስት መስመር ሆኖ ወጣ። ከስድስቱ ሁለቱ ስህተት ነበሩ። ያን ጊዜ መጽሐፉን መልሶ መግለጥ ይቻላል። አሁን ዓይን የሚፈልገውን ያውቃል፤ የጎደለውን ብቻ ይለቅማል። ያቺ የስድስት መስመር ወረቀት ከቢጫ ቀለሙ ሁሉ የበለጠ ጠቅማኛለች።

ኖት ላይም እንዲሁ ነው። ዋልተር ፓውክ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው የኖት አያያዝ አለ። ወረቀቱ በግራ በኩል ይሰመራል፣ በቀኝ ኖት ይያዛል፣ በግራ ደግሞ ከክፍል በኋላ ጥያቄ ይጻፋል። ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ በግራው ጥያቄ ራስን መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው መስመሩን በማስመሪያ አሳምሮ ያሰምርና ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የታወቁ የጥናት ዘዴዎችን ከተሠሩባቸው ምርምሮች ጋር አገናዝበው ደረጃ አውጥተውላቸዋል። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ራስን መፈተን፣ ሁለተኛው ጥናትን በጊዜ አራርቆ መሥራት። ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ከዝቅተኞቹ ተርታ ተመደቡ። እኛ ጥናት ስንል ደግሞ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ነው የምንሠራው።

ሲሮጡ የታጠቁት

ስለ መርሳት የተሠራው የመጀመሪያው ዝነኛ ሙከራ የተካሄደው በአንድ ሰው ላይ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ፈጥሮ፣ ራሱ ሸምድዶ፣ ራሱ ረስቶ፣ ራሱ መዘገበው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የለካው አንዴ የሸመደደውን ነገር እንደገና ሲሸመድድ ምን ያህል ድካም እንደሚቀርለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈለት 44 በመቶ ገደማ ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ ሲሶ ያህል ሆነ። ከወር በኋላ ግን ገና 21 በመቶ ላይ ነው። መርሳት መጀመሪያ ይሮጣል፤ ኋላ ይደክመዋል።

ከዚሁ ሥራው ውስጥ ለተማሪ የሚሆነው ሌላኛው ቁጥር ብዙ አይወራለትም። በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደጋግሞ ያገኘውን ውጤት፣ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ሲበትነው በ38 ጊዜ አገኘው። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ድካም ተረፈለት ማለት ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር መሐል ላይ መተኛትና ሌላ ሥራ መሥራት ነው።

እውነቱን እንነጋገር። በአንድ ሌሊት ችከላ ፈተና ማለፍ ይቻላል። ያለፈ ሰው ሞልቷል፤ እኔም አልፌያለሁ። የነገውን ፈተና ብቻ የሚያስብ ሰው ላይ ይህ ክርክር አይሠራም። ችግሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው። ካልኩለስ ሁለት ካልኩለስ አንድን አውቃችኋል ብሎ ይጀምራል። አስተማሪው “ባለፈው እንዳያችሁት” ይላል። ያየነው ለአንድ ሌሊት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሁለት ኮርስ በአንድ ጊዜ እየተማረ ነው፤ የዘንድሮውንና የአምናውን።

ማራራቅ ትልቅ ፕሮግራም አይጠይቅም። ሰኞ የተማራችሁትን ሰኞ ማታ ሃያ ደቂቃ፣ ሐሙስ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ደቂቃ፣ ሁሌም በባዶ ወረቀት። ሐሙስ ላይ ግማሹ ጠፍቶ ስታገኙት አትደንግጡ። ትንሽ ከረሱ በኋላ ታግሎ ማምጣት ነው ሥራው። ሳይረሱ መድገምማ ያው ማንበብ ነው።

ሒሳብና ፊዚክስ ለሚማሩ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። ወርክሺት ስንሠራ ከምዕራፍ ሦስት ሃያ ጥያቄ በተከታታይ እንሠራለን። አምስተኛው ላይ እጃችን ይፍታታል። አሥራ አምስተኛው ላይ ቀመሩን ሳናስብ ቁጥር መክተት እንጀምራለን። ደስ ይላል። ግን የትኛው ቀመር እንደሚሠራ ማን ነገረን? የወርክሺቱ ርዕስ። ፈተና ላይ ርዕስ የለም።

ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሙከራ የኮሌጅ ተማሪዎችን የአራት ያልተለመዱ ቅርጾችን ይዘት ማስላት አስተማሩ። አንዱ ቡድን ቅርጹን በየተራ፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እየሄደ ተለማመደ። ሌላው የተደባለቀ ተሰጠው። በልምምዱ ጊዜ በተራ የሠሩት 89 በመቶ ሲያገኙ የተደባለቀባቸው 60 ላይ ቀሩ። ከሳምንት በኋላ በተራ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወረዱ። የተደባለቀባቸው 63 አገኙ። በልምምዱ ቀን ሁለቱን ቡድኖች ያየ አስተማሪ የትኛውን “ጎበዝ” እንደሚል መገመት አያቅትም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የሦስቱን ምዕራፍ ጥያቄዎች ቀላቅሎ መሥራት። የድሮ ፈተና ካለ የተሻለ፤ እሱ ቀድሞ የተቀላቀለ ነው።

አስረድቶን የሚሄደው

ክፍል ውስጥም ያው ስሜት ያሳስተናል። ሁላችንም የምንወደው መምህር አለ። ሲያስረዳ አይደናቀፍም፣ ቦርዱ ያምራል፣ ስንወጣ “ዛሬስ ገባኝ” እንላለን። ሉዊስ ዴስሎሪየርስና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ የመግቢያ ፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ይህን ስሜት ፈትሾታል። ተማሪዎቹ አንዱን ርዕስ ጥሩ ሌክቸር ቁጭ ብለው በማዳመጥ፣ ሌላውን በቡድን ሆነው ጥያቄ እየታገሉ ተማሩ። ሲፈተኑ የታገሉበት ላይ የተሻለ አመጡ። የበለጠ የተማርኩት የቱን ነው የሚል ስሜታቸው ግን ወደ ሌክቸሩ አደላ።

ይህ ማለት ሌክቸር ይቅር አይደለም። መምህሩ ችግሩን ሲፈታ የተፈታለት ለመምህሩ ነው ማለት ነው። እኛ ቤት ገብተን ያንኑ ችግር ኖት ሳናይ እስክንፈታው ድረስ ተመልካች ነን።

አሁን ደግሞ ከየትኛውም መምህር በላይ የማይደናቀፍ አስረጂ ኪሳችን ውስጥ አለ። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ይመልሳሉ፣ አይሰለቹም፣ ጥያቄህ ቂል ነው አይሉም። እኔ በጣም ነው የምጠቀምባቸው። ለዚህም ነው በቱርክ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሠራው ሙከራ ያስደነገጠኝ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሒሳብ ሲለማመዱ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ጂፒቲ-4ን እንደልቡ ተጠቀመ። ሁለተኛው መልስ እንዳይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀውን ተጠቀመ። ሦስተኛው በመጽሐፍና በኖት ብቻ ሠራ።

በልምምዱ ላይ እንደልቡ የተጠቀመው ቡድን ውጤት ምንም ከሌለው ቡድን በ48 በመቶ በለጠ። ባለፍንጩ በ127 በመቶ። ከዚያ ማሽኑ ተወሰደና ሁሉም ለብቻው ተፈተነ። እንደልቡ ሲጠቀም የነበረው ቡድን ጭራሽ ማሽኑን አይቶ ከማያውቀው ቡድን በ17 በመቶ አነሰ። ባለፍንጩ ብዙም አልተጎዳም፤ ግን ብዙም አልበለጠም።

እነዚህ የኮሌጅ ተማሪዎች አይደሉም፣ ትምህርቱም ሒሳብ ብቻ ነው። ቢሆንም አካሄዱ ከላይ ካየናቸው ጋር አንድ ነው። ልምምዱ ላይ ማማር፣ ፈተናው ላይ መቅለል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ይመስላል የተባለው።

እኔ አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ራሴ እሞክራለሁ፤ ተሳስቼም ቢሆን እስከ መጨረሻው። ከዚያ የሠራሁትን አስገብቼ “መልሱን አትንገረኝ፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ አሳየኝ” እለዋለሁ። ወይም ኖቴን ሰጥቼው አምስት ጥያቄ እንዲያወጣልኝ አደርጋለሁ። እሱ ይጠይቅ፣ እኔ ልመልስ። ተራው ሲገለበጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ደግሞም ማሽኑ ሲሳሳት ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ስህተቱን የሚይዘው ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ባዶ የሚመስለው ሰዓት

ፍሬሽ ተማሪን መጀመሪያ የሚያሳስተው የትምህርት ፕሮግራሙ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቀኑን ሙሉ ክፍል ነበር። እዚህ ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ፣ ሐሙስ ጠዋት ባዶ። እረፍት ይመስላል። በብዙ ኮሌጆች የተለመደው ስሌት ግን ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የውጭ ሥራ ነው። 15 ክሬዲት፣ ማለትም በሳምንት 15 የክፍል ሰዓት፣ የያዘ ተማሪ በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይታሰባል። ዓመቱ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ነው። ባዶው ቦታ ባዶ አይደለም። የሚጠራን ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ባዶ የሚመስለው።

ሰዓቱን ስናቅድ ደግሞ ራሳችንን እንዋሻለን። ሮጀር ቢውለርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። በአማካይ 34 ቀን አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲሏቸው 49 ቀን ገደማ አሉ። የወሰደባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው ካሰቡትም በላይ ዘገዩ።

ስለዚህ አሳይመንት ሲሰጣችሁ “ስንት ቀን ይፈጅብኛል?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ያለፈው ስንት ቀን ፈጀብኝ?” በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለምኞት ነው የሚመች። ሁለተኛው ላይ መዋሸት ይከብዳል።

ልማድ በሃያ አንድ ቀን ይያዛል የሚባለውንም አትመኑት። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገመቱ። ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለልም ብዙ አላበላሸም። በሦስተኛው ሳምንት አሁንም ራሳችሁን እየጎተታችሁ ከሆነ ምንም አልሆናችሁም።

በእጅ መጻፍ ወይስ በላፕቶፕ? እ.ኤ.አ. በ2014 በእጅ ይሻላል የሚል ጥናት ብዙ ተወራለት፤ በኋላ ሲደገም ውጤቱ ያን ያህል ግልጽ አልሆነም። የሚመቻችሁን ያዙ፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ነገር ካልከፈታችሁ። “እኔ በዓይን ነው የምማረው፣ አንተ በጆሮ” የሚባለውም ወሬው ከማስረጃው ቀድሟል።

አብሮ ማጥናት ግን እንዲህ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አንድ ነገር አሳሰበው። ካልኩለስ ላይ ጥቁር ተማሪዎች በብዛት ሲወድቁ የቻይና ዝርያ ያላቸው ይበረቱ ነበር። ሰዎች ምክንያቱን ከፍላጎት ማነስ ወይም ከቤተሰብ ጋር ያያይዙት ነበር። እሱ ግን ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያጠኑ አብሯቸው እየዋለ ተመለከተ። ጥቁር ተማሪዎቹ ታታሪዎች ነበሩ፤ ግን ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ሌሎቹ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ይገናኛሉ። መልስ ያስተያያሉ፣ በድሮ ፈተና ይፈታተናሉ። አንድ ጥያቄ ሁሉንም ካቃተ ጥያቄው ራሱ ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ግን ያቃተው እሱን ብቻ ይመስለዋል።

ትሪስማን ከዚያ ያቋቋመው የድጋፍ ትምህርት አልነበረም። ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ ከተለመደው የከበደ ጥያቄ ሰጣቸው። ውጤታቸው ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ አብሮ። የኛ ግሩፕ ስተዲ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ማንም ሳይሠራ ይሰበሰባል፣ አንዱ ጎበዝ ያስረዳል፣ ሌሎቻችን ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ከዚያ ጨዋታ ይጀመራል። ጎበዙ ልጅ የበለጠ ጎበዝ ሆኖ ይሄዳል። ሲያስረዳ የነበረው እሱ ነዋ።

ያ ጥያቄ ቁጥር 4 ያለበት ወረቀት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። ማርኩን አየሁ፣ አጣጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የት ጋ እንደተሳሳትኩ አላየሁም። መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮው ይቀመጥ ነበር፤ አልሄድኩም። ለፋይናል ያንኑ ሃንድአውት አውጥቼ በሌላ ቀለም ደግሜ ቀባሁት። ጥያቄው አነጋገሩ ትንሽ ተቀይሮ ፋይናል ላይ መጣ። ገጹ አሁንም ትዝ አለኝ። በዚያ ላይ አሁን አረንጓዴም ነበረበት።